አንድ ጣት፣ አንድ ጊዜ

እትዬ ብል በየማለዳው ሻይ ሳይቀምሱ የመስኮቱን ሁለት መዝጊያዎች ወለል አድርገው ይከፍቱና፣ ትናንት ሲሠሩበት የዋሉትን ሻል በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውጭ ያራግፋሉ። ከሦስተኛው ፎቅ የሚራገፈው ሁሉ፣ አቧራውም፣ የክር ቁራጩም፣ አልፎ አልፎ በሕይወት ያለ ብልም ጭምር፣ እየተንሳፈፈ ይወርድና ግቢው ውስጥ በተሰጡት የላውንደሪው ነጫጭ አንሶላዎች ላይ ያርፋል። የላውንደሪው ባለቤት አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ይጮኻል።

«እትዬ! ዛሬም ብልዎን ላኩብኝ?»

«ሥራ እንዳትፈታ ብዬ ነው፣ የኔ ጌታ። አንሶላው እንደገና ይታጠባል፣ እንደገና ይከፈልሃል።»

«ማን ነው የሚከፍለኝ? እርስዎ?»

«ብሉ!» ይሉና መስኮቱን ይዘጋሉ።

ስማቸውም ከዚህ ወጣ። ላውንደሪው ጀመረው፣ የፎቁ ነዋሪ ተቀበለው፣ ሰፈሩ አጸደቀው። እሳቸው ሲሰሙ አልተቀየሙም። «ሰው ሁሉ አለቃ አለው» ይላሉ። «የኔ አለቃ ብል ነው። እሱ ሲበላ ነው እኔም የምበላው።»

ሥራቸው አሮጌ ባለ ጥለት ሻሎች ላይ ብል፣ ሲጋራና ጊዜ የከፈቱትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ጠጋኝ የሚላቸው ሰው ግን ፊታቸው ሲጠቁር ያያል። «መጠገን ለጫማ ነው። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ የምሸምነው ግን ቀዳዳ ብቻ ነው።» ክፍላቸው አንድ ናት፤ አንድ ሰፊ መስኮት፣ መስኮቱ ሥር አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ጋር እስከ ጣሪያው የተደረደሩ ትናንሽ የእንጨት መሳቢያዎች። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ያለው ክር ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ከእንግዲህ አይድንም የተባለ ሻል ሲገኝ እሳቸው ክር በክር ይፈቱታል፤ የሞተው ላልሞተው ቀለሙን ያወርሳል። በየመሳቢያው ላይ ምንም አልተጻፈም። የትኛው የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከዚህም የተነሣ ልጃቸው ክፍሉን ላጽዳ ባለች ቁጥር ከደጃፍ ይመልሷታል።

ደንበኛ ሻል ይዞ ሲመጣ፣ ስለ ቀዳዳው ከመነጋገሩ በፊት ስለ ሻሉ ይሰማል። ይህ ግዴታ ነው።

«መጀመሪያ ፍየሏ ነበረች» ብለው ይጀምራሉ እትዬ ብል፣ ሻሉን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ። «ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ተራራ ላይ የምትኖር ፍየል ከላይኛው ጸጉሯ ሥር ሌላ ጸጉር ታበቅላለች፤ ከሕፃን ጸጉር የለሰለሰ። እሱ ነው የተፈተለው። ከዚያ ሸማኔዎቹ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ መሸመኛ ፊት ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ቀለሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሁለት ቀይ! አንድ ሰማያዊ! አራት ቀይ! እነሱ በትናንሽ እንጨት ላይ የተጠቀለለውን ማግ በድሩ መካከል እያሾለኩ ይከተሉታል። አንድ ሻል ዓመት ተኩል የሚፈጅበት ጊዜ አለ። እስቲ አስቢው፣ ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ ሰው ጆሮሽ ላይ ቀይ፣ ቀይ እያለ! እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን እልኸኛ ሆኜ አረንጓዴ እሸጉጥ ነበር።»

ከዚያ ሻሉ ባሕር ይሻገራል። የጦር መኮንኖች ለሚስቶቻቸው፣ አንዳንዴም ሚስቶቻቸው ላልሆኑ፣ በሣጥን ይዘውት ይመለሳሉ። ሴቱ ሁሉ ያብዳል። ጫፏ የታጠፈች የውሃ ጠብታ የምትመስለው ጥለት የሌለባት ሴት ራቁቷን የወጣች ይመስላታል። ፋብሪካዎች ይነቃሉ፤ የተበሳሳ ካርቶን ለማሽኑ የት ላይ ቀይ፣ የት ላይ ሰማያዊ እንደሚገባ ይነግረዋል፤ ቀለም ጠሪው ሰውዬ ሥራ ይፈታል። ዋጋው ይወድቃል።

«አንድ ቀን እመቤቲቱና ሠራተኛዋ አንድ ዓይነት ሻል ለብሰው መንገድ ላይ ተገናኙ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «በማግስቱ እመቤቲቱ ሻል አስጠላኝ አለች። ደግሞ የቀሚሱ ፋሽን ተለወጠ፣ ከኋላ እንደ ጉብታ ተቆለለ። ሻሉን እዚያ ላይ ጣል ሲያደርጉበት የተጫነች ግመል መሰሉ። ስለዚህ ሻሉ ከትከሻ ወርዶ ፒያኖ ላይ ወጣ፤ ከፒያኖ አልጋ ላይ፣ ከአልጋ የድመት ማደሪያ ላይ። እኔ የምቀበለው ከድመቷ ነው።»

እስከዚህ ያለው እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እንደ ደንበኛው ሁኔታ ይወሰናል። ደንበኛዋ ቸኩላ ካልሆነ፣ ቀዳዳው አንድ ኮሎኔል ለፍቅረኛው ሲንበረከክ ከሲጋራው የወደቀ ፍም የከፈተው ይሆናል። ደንበኛዋ ተደስታ ትሄዳለች።

«እማዬ» አለቻቸው አንድ ቀን ልጃቸው፣ «ባለፈው ሳምንት ለሌላዋ ሴትዮ የነገርሻት ይሄንኑ ኮሎኔል አይደለም እንዴ?»

«ብዙ ፍቅረኛ ነበረው።»

ሙያውን ያስተማሯቸው አማታቸው ናቸው። እትዬ ብል ሙሽራ ሆነው ወደዚያ ቤት በገቡ ሰሞን አማትየው አንድ ሻል ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና «እዚህ ላይ የሠራሁትን ቦታ ፈልጊ። ስታገኚው ማስተማር እጀምራለሁ» አሏቸው። ሙሽራዋ ክረምቱን በሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፈለገች። ዛሬ እዚህ ጋ ነው ትላለች፣ አማትየው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነገ እዚያ ጋ ነው ትላለች፣ ክሩ እንደተጣመመ፣ ቀለሙ እንደፈዘዘ እየጠቆመች ትከራከራለች። ክረምቱ ሲያልቅ አማትየው «በቃሽ። ሻሉ ተሠርቶ አያውቅም፤ ጤነኛ ነው» አሏት። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ ተሰጣት። ስፌት የሚፈልግ ዓይን ስፌት ካጣ ራሱ ይሠራል፤ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር።

አማትየው ያወረሷቸው አንድ የቤት ሕግም አለ። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ሻሉን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከመክፈሉ በፊት የተሠራውን ቦታ እንዲያገኝ ዕድል ይሰጠዋል፦ አንድ ጣት፣ አንድ ጊዜ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ትክክል ከሆነ ሥራው በነጻ ነው። ካልሆነ ይከፍላል፤ ቦታው ግን መቼም አይነገረውም። እትዬ ብል ከአማታቸው ከተረከቡ ወዲህ ጣቱ የቀናው አንድም ደንበኛ የለም። አንዳንዱ ይፎክራል፣ አንዳንዱ መነጽር ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ከፍሎ ይሄዳል።

በሰፈሩ ይህን ሙያ አውቃለሁ የሚል ሌላ ሰው ቢኖር ባለሙጫው ነው። መንገዱ ጥግ ላይ የአሮጌ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ሻል ሲቀደድበት ከጀርባው ቁራጭ ጨርቅ ያደርግና በሚቀልጥ ሙጫ በካውያ ይጫነዋል፤ ሥራው ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። እትዬ ብል የእሱን ሻል በድምፁ እለየዋለሁ ይላሉ፤ ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻልና። ይህንንም ለእሱ ደንበኞች ደረጃው ላይ ቆመው ይነግራሉ። ባለሙጫው በሰው ፊት «እርስዎ» ይላቸዋል፣ ሲናደድ «አንቺ» ይላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ «አንቺ» ነው የሚላቸው።

የነገሩ መነሻ አንድ ቁልፍ ነበር። የልጃቸው ባል የካፖርቱ ቁልፍ ተበጥሶበት መጣ፤ እትዬ ብል ቁጭ ብለው እያወሩ ሰፉለት። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ካፖርቱን አየችው። ከጥቁሮቹ ቁልፎች መካከል አንዱ አረንጓዴ ነው።

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነገርን ሁሉ መዝና የምትናገር ሴት ናት። በማግስቱ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፋሽን።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ መሐረብ አወጣች። «እሺ፣ ይሄስ ምን ቀለም ነው?»

«መሐረቡ ያንቺ። ቀለሙን ሳታውቂ ነው የገዛሽው?»

«እማዬ፣ በቃሽ። ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ መቀስ፣ መርፌ። ዓይንሽ ደክሟል። እኛ ቤት የጓዳው ክፍል ባዶውን ነው ያለው፤ እዚያ ታርፊያለሽ።»

«የጓዳው ክፍል መስኮት የለውም።»

«ቴሌቪዥን አለው።»

«ታዲያ ሻሉን በቴሌቪዥኑ በኩል ነው የማራግፈው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ያልሳቀችው ሊስቅ የዳዳውን ከንፈሯን ነክሳ ነው፤ እናትየው ይህን አዩ፣ ግን ነገሩ የምር እንደሆነም ገባቸው። ደጋግመው ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ልጅቷ ቤቷ ሄዳ የራሷን ሻል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ የእሷ የሆነ፣ የአያቷ ሻል ነው። መሐሉ ጥቁር ሜዳ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን አንዱ ለሌላው መንታ፦ ከዚህም ከዚያም ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀያይ ጠብታዎች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አንገታቸውን የሰበሩ። በአንዱ ጫፍ ከጠብታዎቹ አንዷን ብል አግኝቷት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ከፍቷል።

«ሥሪልኝ» አለች ልጅቷ። «በቤቱ ሕግ። ካገኘሁት ክፍሉን ለቀሽ እኛ ጋ ትመጫለሽ። ካላገኘሁት አፌን እዘጋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁልጊዜ።»

«ይሄንንስ አላምንሽም። ግን ይሁን።»

«ዳኛ ግን ያስፈልገናል። ባለሙጫውን ነግሬዋለሁ።»

«ጠላቴን?»

«ስለሚጠላሽ ነው የመረጥኩት። አያዝንልሽም።»

እትዬ ብል እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። እምቢ ማለት ግን አዎ ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው። ሻሉን አጥፈው ተቀበሉ።

ድሩ አላስቸገራቸውም። ድርን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዘረጉት፤ ጣታቸው የተበላውን ክር ጫፍ ጫፉን እየዳሰሰ ያገኘዋል፣ መርፌው ይከተለዋል። ጭንቁ ማጉ ላይ መጣ። የቀዮቹን መሳቢያ ሳቡ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ይህ መሳቢያ ልማዱን ቀይሯል፤ ቀዮቹ ከበታቻቸው ባለው መሳቢያ ካሉት ቡናማዎች ጋር መመሳሰል ጀምረዋል፤ ጭራሽ ሁለቱ መሳቢያዎች አንድ ቀን ተደባልቀውባቸው እንደነበረም ትዝ ይላቸዋል። በመጀመሪያ ጥፋቱን ያላከኩት በመስኮቱ ላይ ነበር፤ መስታወቱን አጠቡት። ቀጥሎ በደመናው አሳበቡ። ደመናው ሲገፈፍ የሚያሳብቡበት ነገር አለቀ።

ሁለት ጥቅል ክር ይዘው መስኮቱ ጋ ቀረቡ። አንዱ ቀይ ነው። የትኛው? መስኮቱን ከፈቱ።

«ስማ እስቲ!» አሉ ወደ ታች።

ላውንደሪው ቀና አለ። «ደግሞ ምን ሊልኩብኝ ነው?»

ሁለቱን ክሮች ከመስኮቱ ውጭ ሊያንጠለጥሉለት እጃቸው ተነሣ። መልሰው ከጀርባቸው ደበቁት።

«ምንም። እንዴት ዋልክ ልልህ ነው።»

«ታመዋል እንዴ?» አለ ላውንደሪው ደንግጦ፤ እንዲህ ብለውት አያውቁምና።

መስኮቱን ዘጉ፤ ክሮቹን ጉንጫቸው ላይ አሹና ለስለስ ያለውን መረጡ። ቀይ ማቅለሚያ ሱፍን ያለሰልሳል ብለው ሁልጊዜ ያምናሉ። ጠብታዋን ጥለቱን ተከትለው ሸምነው ሞሏት። ሲጨርሱ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ወጣ ያለም ገባ ያለም ነገር የለም። ከዚያ ሻሉን ገልብጠው ጀርባውን ሲዳብሱ ጣታቸው አንድ ነገር ላይ ተደናቀፈ።

ቋጠሮ ነበረች። ከጸጉር የቀጠነች የስፌት ክር፣ ከቀዳዳው ጎን፣ ከጀርባ በኩል። የድሮ ሸማኔ ቋጠሮ አይተውም። አማታቸውም ቋጠሮ አልነበራቸውም። በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓት፤ ሁለት ጊዜ የጠበቀች ናት። በዚህ ዓለም ላይ ሁሉን ነገር፣ የጫማ ማሰሪያም ሆነ የመድኃኒት ፌስታል፣ ሁለት ጊዜ ካላጠበቀች የማትተኛ አንዲት ሴት ብቻ ያውቃሉ።

እትዬ ብል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አዬ ልጄ!» አሉ ብቻቸውን። «አያትሽን ቁርጥ!»

ስቀው ሲያበቁ መርፌያቸውን አነሡ። ቋጠሮዋን ፈቱ። ሻሉን አዙረው በወዲያኛው መንታ ጫፍ፣ በዚያው ረድፍ፣ በዚያችው ተራ ያለችውን ጠብታ ቆጥረው አገኙ፤ ሻሉ ከተሸመነ ወዲህ መርፌ ነክቷት የማታውቅ ጠብታ ናት። ቋጠሮዋን ከጀርባዋ አሰሩላት። ሁለት ጊዜ አጠበቁ። ይህን ያደረጉት ለጨዋታው ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ስለ ቀዩ ክር እርግጠኛ ቢሆኑ ኖሮ ግን ቋጠሮዋን ፈትተው ብቻ በጣሏት ነበር፤ ይህንንም ያውቃሉ።

እሑድ ከሰዓት ባለሙጫው በአንድ እጁ ማጉያ መነጽር፣ በሌላው የደረጃውን ድጋፍ ይዞ እያለከለከ ወጣ። ለዳኝነቱ ሲል ክራባት አስሯል።

«ግቡ፣ ዳኛ» አሉት እትዬ ብል። «እንዴት ነው፣ ክራባቱንም በሙጫ ነው የለጠፍከው?»

«ዛሬ ይሳቁ፣ ይሳቁ። ሲጨርሱ ዕቃ በማሸግ አግዝዎታለሁ።»

ሻሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ከርዝመቱ የተነሣ አንደኛው ጫፉ በማዶ በኩል ጥላው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። አንድ እጇን ከላይ፣ አንድ እጇን ከሥር አድርጋ ከጥቁሩ ሜዳ ጀምራ ቀስ እያለች መሄድ ያዘች። ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ትመለሳለች። እትዬ ብል እጃቸውን አጣጥፈው እያዩ፣ ይቺ ልጅ ፋርማሲ መግባቷ ለቲያትር ቤት ትልቅ ጉዳት ነው ብለው አሰቡ። በመጨረሻ ከሥር ያለው እጇ ቀጥ አለ። ከላይ ያለው ጣቷ ጠብታዋ ላይ አረፈ።

«እዚህ ጋ።»

«አንድ ጣት፣ አንድ ጊዜ» አሉ እናትየው። «ልቀይር ማለት የለም።»

«አልቀይርም።»

ባለሙጫው መነጽሩን ይዞ ተደፋበት። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«አገኘችው! ልጅት፣ ዓይን አለሽ! እዩት እስቲ፣ ማጉ እዚህ ላይ ወፈር ብሏል። ይሄኛው ክር ከጎኑ ካለው ጋር አይሄድም፣ አዲስ ሱፍ ነው፣ ያበራል። ድሩ ደግሞ እዚህ ጋ ትንሽ ተስቧል፣ የደከመ እጅ ሥራ ነው። እኔ ከበሩ ሆኜ ነው የታየኝ፤ ልጅቷን እንዳልረብሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ እትዬ ብል።

«ሐሰት ከሆነ ሙጫዬ ከነጣሳው ይድረቅብኝ!»

«በል ይድረቅብህ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ቋጠሮሽ ከዚያኛው ጫፍ እስከዚህኛው ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው ወይስ በታክሲ?»

ልጅቷ እጇን ከሻሉ ሥር እንደ ተቃጠለ ሰው መነጨቀች። ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«የምን ቋጠሮ?» አለ ባለሙጫው።

እናትና ልጅ ተያዩ።

«የምን ቋጠሮ ነው? እኔ ዳኛ ነኝ!»

«ምልክት አስሬበት ነበር» አለች ልጅቷ ጠረጴዛውን እያየች። «ከቀዳዳው ጎን። ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንዳይጠፋኝ ብዬ። እሷ ደግሞ ነቅላ ወደዚህ አምጥታዋለች።»

«ታዲያ ይሄ ቦታ?»

«ይሄ ቦታ» አሉ እትዬ ብል በጣም በትሕትና፣ «ሸማኔው እጁን ካነሣበት ቀን ጀምሮ መርፌ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን አንተ እንዳልከው የደከመ እጅ ሥራ ነው። ሸማኔው በጣም ደክሞት ይሆናል።»

ባለሙጫው ክራባቱን ፈታ አደረገ። «አንቺ...» ብሎ ጀመረና ሊሰድብ የሚችለውን ቃል ሁሉ በአፉ ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየ። ልጅቷ ቀድማ ሳቀች። እናትየው ተከተሉ። ባለሙጫው አንድ ሁለቴ ከሁለቱም ዓይን ሸሽቶ እሱም በመጨረሻ በአፍንጫው ሳቀ።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ» አለች ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች። «እንግዲህ ካለቀ አይቀር እውነተኛውን ቦታ ልየው።»

«ቦታ አይነገርም። የቤቱ ሕግ ነው።»

«አልነግረሽም ብትይም የትኛው ጫፍ እንደሆነ አሁን አውቀናል» አለችና ሻሉን አዙራ ወዲያኛውን ጫፍ ወደ መስኮቱ ሳበችው።

መፈለግ አላስፈለጋትም። ከቀያዮቹ ጠብታዎች መካከል አንዷ የደረቀ ጡብ መስላ ተቀምጣለች። ልጅቷ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ባለሙጫው በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው፤ የሻሉን ጫፍ ያዘና ያቺ ጠብታ ወደ ውስጥ እንድትገባ አድርጎ ቀስ ብሎ አጠፈው።

«ምንም አይታይም» አለ። «ዛሬ ዓይኔ አልሆነልኝም።»

እትዬ ብል የጠበቁት ጩኸት ነበር። ለጩኸቱ መልስ አዘጋጅተው ነበር፤ ሦስት አራት ጥሩ ጥሩ መልስ። የመጣው ግን ዝምታ ነው፣ ያውም ከዚህ ሰውዬ።

«ምን አየህ?»

«ምንም አልኩ እኮ።»

«አንተ ምንም ሳታይ እንኳ ዝም ብለህ አታውቅም፤ አሁን እኮ መስክረሃል። ዝም ካልክማ አይተሃል። ምን አየህ?»

ባለሙጫው ልጅቷን አየ። ልጅቷ እናቷን አየች።

«እማዬ» አለች፣ «ቀዩ ቀይ አይደለም። ቡናማ ነው።»

እትዬ ብል ሻሉን ተቀብለው ፈቱት። መዳፋቸውን ጠብታዋ ላይ አሳለፉ፣ እንደገና አሳለፉ።

«ሽመናውስ?»

«ሽመናው አይታይም» አለ ባለሙጫው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀለሙን ትተን ስናየው አንድ ክር አልተዛባም። እኔ ሙጫዬን ይዤ ሦስት ዕድሜ ብኖር እንዲህ አልሠራም።»

«ድገመው።»

«አልደግመውም።»

ተቀመጡ። ከታች ላውንደሪው አንሶላ እያራገፈ ነው። እትዬ ብል ግድግዳውን ሙሉ የያዙትን መሳቢያዎች ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። ስንቶቹ እየዋሿቸው እንደሆነ አያውቁም። ለስንቱ ደንበኛ ቡናማውን ቀይ ብለው ሰጥተው እንደሆነ፣ ስንቱም አይቶ አዝኖላቸው ከፍሎ እንደሄደ አሁን ማሰብ አልፈለጉም።

«በሕጉ ተሸንፌአለሁ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ጣቴ ያረፈው እዚያ ነው። አፌን ዘግቻለሁ።»

«አዎ፣ ተሸንፈሻል። ይሄንን አልከራከርም።» ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ያላነሱትን ጥያቄ አነሱ። «እንግዲህ ቀዩን ማን ይለይልኛል?»

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ባለሙጫው መነጽሩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ አጉተመተመ።

«ጠዋት ጠዋት ሱቄ ባዶ ነው።»

«ጠዋት ብቻ ነው ባዶ የሆነው?»

«አየሽ! ይሄው! ሰው ሊረዳሽ ሲል!»

«አንተ? እዚህ ክፍል ውስጥ?»

«ዓይኔ ጤነኛ ነው። ቀለም አሳስቼ አላውቅም፤ ሙጫ ስለተጠቀምኩ ዕውር አደረግሽኝ እንጂ።»

«አሁን መርፌ ያልነካውን ተሠርቷል ብሎ የማለ ሰው እኮ ነህ።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። ቀለም ቀለም ነው። የሚያዩት ነው እንጂ የሚፈልጉት አይደለም።»

እትዬ ብል ይህን ጥቂት አሰቡበትና ልክ ሆኖ አገኙት። ድርድሩ ረጅም ነበር። እሳቸው ሙጫ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ እንዳይወጣ አሉ። እሱ ሻሉ ይንኮሻኮሻል የሚለው ወሬ ከእንግዲህ ለደንበኞቹ እንዳይነገር አለ። እሳቸው ወሬ አይደለም እውነት ነው አሉ። እሱ እውነትም ቢሆን አለ። በመጨረሻ እሳቸው በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናገሩ ተስማሙ።

«ደረጃውስ?» አለች ልጅቷ፣ አፏን መዝጋቷን ረስታ።

«ደረጃው ቀለም የለውም» አሏት እናትየው። «ደግሞ ሻሉን ትተሽው ሂጂ፤ አልቆ ሲያምርብሽ ትወስጂዋለሽ። በነጻ ነው። ቡናማውን አግኝታችሁብኛል።»

ሰኞ ጠዋት ባለሙጫው ሦስቱን ፎቅ ወጣ። ከመሳቢያዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የቀዮቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠውና እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቡናማዎቹን ከመካከላቸው ለቅሞ አወጣ፤ እትዬ ብልም የልጃቸውን ሻል ጠብታ ፈተው እንደገና ጀመሩት።